ኮራላችሁ ጠወለገ? እጃችሁን ሰብስቡና መጀመሪያ ለኩ

እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን፣ ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ብላ የዓሣ ገንዳዬን ትመለከት ነበር። አንድ ቀን በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ በረዶው የቀለጠ ሽሪምፕ እየሳብኩ አንድ "ድንጋይ" ላይ ጠብ ጠብ ሳደርግ አየችኝ። ትንሽ ዝም አለችና "ልጄ፣ ደህና ነህ? ድንጋይ ማጉረስ ጀመርክ?" አለችኝ። ወዲያው ድንጋዩ ጣቶቹን አጥፎ ሽሪምፑን ወደ አፉ ሳበው። እናቴ አማተበች።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ "ድንጋይ" ነው። ኮራል ይባላል። አሜሪካም፣ እስራኤልም፣ ዱባይም ሆናችሁ ቤታችሁ በጨው ውሃ ገንዳ ኮራል የምታሳድጉ ሰዎች አላችሁ። ጥያቄያችሁም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ "ነጣብኝ፣ ተኮማተረብኝ፣ ሥጋው እየተላጠ ነው፣ ምን ልጨምርበት?" የእኔ መልስ ብዙ ጊዜ ሰው ያናድዳል። ምንም አትጨምሩ። ገና አልለካችሁም።

ለምን እንደዚህ እንደምል ለመረዳት ግን መጀመሪያ ነገርየው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

እንስሳ ነው። የጄሊፊሽ ዘመድ። እያንዳንዱ ኮራል ፖሊፕ በሚባሉ ትንንሽ ፍጥረታት የተሠራ ነው። ፖሊፕ ማለት ለስላሳ ከረጢት ነው በሉት። አናቱ ላይ አንድ አፍ አለው (መግቢያውም መውጫውም እሱው ነው፣ ይቅርታ)፤ በአፉ ዙሪያ ደግሞ የሚናደፉ እጆች አሉት። ሥሩ ላይ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ነገር፣ ማለትም ከካልሲየም ካርቦኔት፣ የራሱን ቤት ይሠራል (ድንጋያማ የሚባሉት ኮራሎች ማለቴ ነው)። ስለዚህ እናቴም አልተሳሳተችም። ድንጋይም አለው። ድንጋዩ ግን አጽሙ ነው፤ ሕይወቱ ያለው ላዩ ላይ በተለበጠችው ስስ ሥጋ ውስጥ ነው።

ዋናው ጉዳይ እዚያች ሥጋ ውስጥ ነው ያለው። በዓይን የማይታዩ አልጌዎች፣ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ይኖሩባታል። በኮራሉና በአልጌዎቹ መካከል ያለው ውል የእኩል እርሻ ይመስላል። ኮራሉ ባለመሬት ነው፤ ማደሪያና ማዳበሪያ ይሰጣል። ማዳበሪያው የራሱ ቆሻሻ ነው። አልጌው አራሽ ነው፤ በብርሃን ስኳር ያመርትና አብዛኛውን ለባለመሬቱ ያስረክባል። ብርሃን በደንብ በሚያገኙ ኮራሎች ላይ ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከዚህ እርሻ ሊመጣ ይችላል። ቀሪውን ኮራሉ በእጆቹ ከውሃው ለቃቅሞ ይበላል።

የኮራል ሕመም ብዙውን ጊዜ የዚህ ውል መፍረስ ነው።

ነጭ ሆነ ማለት ሞተ ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ግን በዚህ ምክንያት በሕይወት ያለ ኮራል አውጥቶ ይጥላል።

ውሃው ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ ሲበዛ የአልጌው ምርት ይዛባል። ከስኳሩ ጋር ሥጋ የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ይለቃል። ኮራሉ ራሱን ለማዳን አራሹን ያባርራል። ቀለሙ በአብዛኛው የአራሹ ስለነበረ ሥጋው እንደ መስታወት ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ አጽም ያሳልፋል። መንጣት የሚባለው ይሄ ነው። ኮራሉ አለ፣ ይተነፍሳል፣ ግን ርቦታል። ጎተራው ባዶ ነው።

ሚያዝያ 2024 ላይ (በፈረንጆቹ ነው) የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መጀመሩን ሲያሳውቅ የተወራው ስለዚሁ ነገር ነው። የኮራል ሪፎች (ኮራሎች ባሕር ውስጥ የገነቧቸው የድንጋይ ክምሮች) ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ ግን በሆነ መንገድ ከእነሱ ጋር ይኖራል። ባሕሩ ላይ በሳምንታት ሙቀት የሚደርሰው ነገር እናንተ ገንዳ ውስጥ ማሞቂያው አንድ ሌሊት ሳይጠፋ ቢያድር ይደርሳል። ልዩነቱ ይሄው ነው። (በነገራችን ላይ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኤላትና አቃባ አካባቢ ያሉት ኮራሎች ሙቀት በመቻል የታወቁ ናቸው። እኛም አገር ኮራል አለ፤ አፋር ዳናኪል ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ገብቶ በነበረበት ጊዜ የበቀለ። አሁን ድንጋይ ብቻ ነው፣ የእውነት ድንጋይ።)

ወደ ገንዳችሁ እንመለስ። ፊቱ ቁሙና እዩት። መብራቱ ከበራ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያልፈው ይሻላል፤ ብዙ ኮራሎች ሌሊት ስለሚሰበሰቡ ጠዋት ገና ሳይከፈቱ አይታችሁ "አለቀለት" እንዳትሉ።

ሥጋውም እጆቹም እያሉ ቀለሙ ብቻ ከሄደ፣ ነጥቷል። ሙቀትና ብርሃን ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ረሃብም ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቆይተን እናየዋለን።

ሥጋው ከዳር ወይም ከሥር እየሸሸ ስለታማው የአጽም ጠርዝ ብቅ ካለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሥጋው ራሱ እየሞተ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ኬሚስትሪ በድንገት ተለዋውጧል፤ ካልሆነም ፓምፑ በቀጥታ እየደበደበው ነው፣ ወይም ዓሣ እየነከሰው፣ ወይም ጎረቤት ኮራል ሌሊት እጁን እያስረዘመ እየነደፈው። አዎ፣ ኮራሎች ይጣላሉ። ቶርች የሚባለው ዝርያ በተለይ አደገኛ ጎረቤት ነው፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር ተኩል አርቁት። ማን እንደሚነክስ ለማየት ደግሞ መብራት ከጠፋ ከሁለት ሰዓት በኋላ በባትሪ ማየት ነው። አንድ ወዳጄ ለወራት ውሃ ሲመረምር ከርሞ በመጨረሻ ወንጀለኛው ድንጋይ ሥር የተደበቀ ሸርጣን ሆኖ አገኘው።

ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ አትደንግጡ። አራሾቹ በዝተዋል ማለት ነው፤ ብርሃን አንሷል ወይም ማዳበሪያ በዝቷል። አያምርም እንጂ አይሞትም። አንድ ሁለት ቀን ተሰብስቦ ቢውልም እንደዚያው። ሌዘር ኮራል የሚባለውማ ሳምንት ሙሉ ዘግቶ ሰም የመሰለ ቆዳ ገፍፎ ይጥልና እንደ አዲስ ይከፈታል።

ከእነዚህ መካከል ለነገ የማይባለው አንድ ነው። አክሮፖራ ከሚባሉት ባለ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ኮራሎች አንዱ በሰዓታት ውስጥ ሥጋው እየተገፈፈ ከወረደ፣ ምርመራ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ከሞተው መስመር ራቅ አድርጋችሁ ጤነኛ ጫፎቹን ቁረጡና ሌላ ቦታ ትከሉ።

መጀመሪያ ምን ልለካ?

ሙቀት። ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ጥሩ ነው። ግን ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ለብቻው ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ማሞቂያ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ በርቶ ይቀራል።

ከዚያ ጨው። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ በዴንሲቲ መለኪያ 1.026 ገደማ ማለት ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሰው ሁሉ የሚወድቅባት ጉድጓድ አለች። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ጨው ይበረታል አይደል? ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ገንዳም እንደዚያው ነው። 200 ሊትር ገንዳ፣ በተለይ በብርዱ ወራት ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ፣ በቀን 2 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሊተን ይችላል። የተነነው ጨው የሌለው ውሃ ስለሆነ የሚተካውም ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጨው ያለው እየጨመረ ወር የቆየ ሰው ኮራሉ ሲኮማተር "በሽታ ያዘው" ይላል። በሽታ አይደለም፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል።

ርካሹ ባለ ቀስት የፕላስቲክ መለኪያ አንዲት የአየር አረፋ ስትለጠፍበት ይዋሻል። ሪፍራክቶሜትር ግዙ፣ እሱንም ጨዉ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ጨው ስል ደግሞ የኩሽና ጨው ማለቴ እንዳልሆነ ልናገር፤ ጠይቀውኝ ስለሚያውቁ ነው። ለባሕር ገንዳ የሚሸጠው ጨው ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም ሁሉ ያለበት ድብልቅ ነው።

አልካሊኒቲ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ስለሱ የሚያወራውስ ለምን?

ኮራል አጽሙን ለመሥራት ሁለት ነገር ከውሃው ይወስዳል፤ ካልሲየምና ካርቦኔት። አልካሊኒቲ በግርድፉ የሁለተኛው ክምችት መለኪያ ነው። ውሃው አሲድን ምን ያህል እንደሚቋቋምም የሚናገረው እሱ ነው። የሚለካው ዲኬኤች በሚባል መስፈሪያ ሲሆን ባሕር ላይ 7 ገደማ ነው፤ ቤት ውስጥ ከ7.5 እስከ 9 መካከል ይያዛል።

ሰው ሁሉ ስለሱ የሚያወራው ክምችቱ ትንሽ ስለሆነ ነው። ሒሳቡ ይኸው። ኮራሎቻችሁ አልካሊኒቲውን ከ8 ወደ 7 ሲያወርዱ ካልሲየም በሊትር ከ420 ሚሊግራም ወደ 413 ብቻ ነው የሚወርደው። አንዱ ጎተራ ስምንተኛው ሲጎድል ሌላው ገና አልተነካም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያልቀውም፣ በየቀኑ ከፍ ዝቅ የሚለውም አልካሊኒቲ ነው። ኮራል ደግሞ ከፍ ዝቅ አይወድም።

ማግኒዚየም የሚባል ሦስተኛ ሰውም አለ። ካልሲየምና ካርቦኔት ውሃ ውስጥ በጣም ስለበዙ ከተገናኙ ወዲያው ተጣብቀው ድንጋይ ይሆናሉ። ማግኒዚየም መሀል ገብቶ የሚያከላክል ሽማግሌ ነው። በሊትር 1300 ሚሊግራም አካባቢ መሆን አለበት። ከ1200 በታች ከወረደ ሽማግሌው ከመሀል ወጣ ማለት ነው፤ የምትጨምሩት ሁሉ ፓምፑና ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል፣ ኮራሉ ጋ አይደርስም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ሀመር የሚባል ኮራል አለኝ፤ የእጆቹ ጫፍ መዶሻ ስለሚመስል ነው ስሙ። ሦስት ራስ ነበረው። አንድ ማታ ስለካ አልካሊኒቲ 6.5 አገኘሁ። ደነገጥኩ። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ ኩሽና ገብቼ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ እየዛቅሁ በጥብጬ ደፋሁ። ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ጠዋት 10.8 ሆኖ ጠበቀኝ። ሀመሩ በ6.5 ሲኖር ደህና ተከፍቶ ነበር፤ በ10.8 ጭብጥ ብሎ ተሰበሰበ። በአራተኛው ቀን የአንደኛው ራስ ሥጋ እንደ ተቀቀለ የድንች ልጣጭ ተላቀቀና በሞገዱ ሲንሳፈፍ አየሁት። ጎደሎው አልገደለውም። እኔ ነኝ የገደልኩት።

ቤኪንግ ሶዳው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ንጹሑ ሶዲየም ባይካርቦኔት በትክክል ይሠራል (ቤኪንግ ፓውደር ግን አይደለም፣ ሌላ ነገር አለበት)። መጠኑ ነው። 6 ግራም ያህል፣ ማለትም አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ 190 ሊትር ውሃን 1 ዲኬኤች ገደማ ከፍ ታደርጋለች። በቀን ከዚያ በላይ አትሂዱ። እኔ አሁን በቀን ግማሽ ነው የምሄደው፣ ፈሪ ሆኛለሁ። በንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ ሞገድ ባለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓት ለኩና ጻፉት። ሁሌ 7.8 የሆነ ገንዳ፣ ዛሬ 9 ነገ 7.5 ከሚሆን ገንዳ ይሻላል።

ውሃዬ ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ ለምን?

ምናልባት ጥርት ስላለ ይሆናል።

አዲስ ገንዳ ሲጀመር በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ባክቴሪያ ነው። ሊጥ ያለ እርሾ እንደማይሆነው። የዓሣ ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይሄ እርሾ ድንጋዩና አሸዋው ላይ እስኪይዝ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በሁለተኛው ሳምንት ኮራል የገዛ ሰው ያልቦካ ሊጥ እየጋገረ ነው።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ጽዳት የሚያበዛ ሰው አለ። ናይትሬትና ፎስፌት "ቆሻሻ" ናቸው ተብሎ ስለተነገረው በማጣሪያ፣ በኬሚካል፣ በውሃ መቀየር ዜሮ ያደርሳቸዋል። ግን ማዳበሪያ እኮ ናቸው። አራሹ ያለ ማዳበሪያ ምን ያመርታል? ኮራሉ ይገረጣል፣ ይከሳል። ብዙ ጊዜም ዲኖ የሚባል፣ አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር አሸዋውን ይወርሳል፤ ተፎካካሪ ስለጠፋለት ነው። ናይትሬት በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ብዙ ኮራል ይስማማዋል። ዜሮ ካገኛችሁ ዓሦቹን በደንብ መግቡ፣ የፎስፌት ማጣሪያውን አውጡ። በጣም ከፍ ካለም አውርዱት፣ ግን በሳምንታት። ፎስፌትን በአንድ ቀን ጠራርጎ ማውጣት ኮራሉን ከፎስፌቱ ብሶ ይጎዳዋል።

መብራት ልጨምርለት?

የነጣ ኮራል ሲያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት መብራት መጨመር ነው። "ፀሐይ አጥቶ ነው" ይላሉ። ተቃራኒው ነው። የቀሩት ጥቂት አልጌዎች ያንን ሁሉ ብርሃን መሸከም አይችሉም። ቀንሱለት፣ ወይም ወደ ታች ጥላ ወዳለበት አውርዱት። አልጌው እስኪራባ ድረስ ደግሞ ጎተራው ባዶ ስለሆነ በእጃችሁ መግቡት። በሳምንት ሁለቴ፣ ጥፍር የማትሞላ ሽሪምፕ፣ ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አጥፍታችሁ። እናቴን ያሳማተባት ይሄ ነው። ትልቅ ጉርሻ አትስጡት፤ አቅም ስለሌለው ይተፋውና ውሃውን ያበላሻል።

አዲስ ኮራልም ቢሆን ከታች ጀምሮ በሦስት አራት ሳምንት ነው ወደ ቦታው የሚወጣው። የብርሃን መጠን ፓር በሚባል ቁጥር ይለካል፤ አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለው ብርሃን ማለት ነው። ሀመርን ከ80 እስከ 150 ይበቃዋል። ፓር መለኪያ ውድ ስለሆነ አትግዙ፣ ካለው ሰው ተዋሱ።

ሞገዱን በዓይን ነው የምትለኩት። እጆቹ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ወዲህ ወዲያ ማለት አለባቸው። ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ተጋድመው ከዋሉ በዝቷል፤ ሥጋው በራሱ አጽም ጠርዝ ይቀደዳል። ላዩ ላይ ዝቃጭ ካረፈ አንሷል።

ቤታችን ውስጥ የሚጎዳው ነገር ምን አለ?

ፍሊት! ከሁሉ በፊት ፍሊት። ነፍሳት የሚገድለው መርዝ ብዙውን ጊዜ ሽሪምፑንም ሸርጣኑንም ይፈጃል፤ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣ ማጣሪያ) እና ፓምፕ ደግሞ የሳሎኑን አየር ቀን ከሌት ወደ ውሃው እየሳቡ ነው። ገንዳው ባለበት ክፍል አይነፋም፣ በቃ። ቅባት ወይም ሎሽን የተቀባ እጅም አይገባም።

የቧንቧ ውሃ። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ ቦታ ውሃው በክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሠሩት) ነው የሚታከመው። "ባልዲ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ ይተናል" የሚለው የድሮ ዘዴ ለክሎሪን እንጂ ለክሎራሚን አይሠራም። መዳብም ሊኖርበት ይችላል፤ ትንሽ መዳብ ለኮራልና ለሽሪምፕ ብዙ ነው። ስለዚህ አርኦዲአይ የሚባለውን ማጣሪያ መግዛት ግድ ነው፤ የሚወጣው ውሃ፣ የሟሟ ነገርን በሚለካው የቲዲኤስ መለኪያ፣ 0 ማሳየት አለበት። ለዓሣ ሕመም የሚሸጥ መዳብ ያለበት መድኃኒትም ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ሌላው የእንግዳ ነገር ነው። በብርዱ ወራት መስኮት ተዘግቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ አምስት ሰው ቡና ላይ ተሰብስቦ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው ቁጥር) ከ8.2 ወደ 7.8 ሲወርድ አይቻለሁ። የሰው ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፤ እሱ ውሃው ውስጥ ሲገባ ወደ አሲድ ያደላዋል። ኮራሉ አይሞትም፣ አጽም የሚሠራበት ፍጥነት ብቻ ይቀንሳል። መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ነው። "ፒኤች ከፍ የሚያደርግ" ጠርሙስ አትግዙ።

ላዩ ላይ ያለው ቡናማ ዝልግልግ ምንድን ነው?

ይሄ ከመጠበቅ ይልቅ መፍጠን የሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ሀመርና ቶርች ላይ ቡናማ፣ የሚሸት፣ ሲነኩት እንደ ልጋግ የሚሳብ ነገር ከተቆለለ ብራውን ጄሊ የሚባለው ነው። ሥጋው እየበሰበሰ፣ ጥቃቅን ተሕዋስያን እየበሉት ነው። ሞገዱ ብናኙን ወስዶ ጎረቤቱ ላይ ሲያሳርፈው እሱም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑን አጥፉ። መርፌ በሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ዝልግልጉን ምጠጡና ወደ መታጠቢያ ገንዳ ድፉት። ኮራሉን አውጡ። ራሶቹ በአጽም የተለያዩ ከሆኑ የታመመውን ራስ ከነግንዱ ቁረጡት። የቀረውን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ በሌላ ዕቃ፣ በአዮዲን ወይም ለኮራል በተዘጋጀ ማጠቢያ፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠንና ደቂቃ ብቻ ንከሩት። አለቅልቃችሁ መልሱት፤ የነከራችሁበትን ውሃ ግን አትመልሱ።

አዲስ ኮራል ስትገዙም ይሄንኑ ማጠብ አድርጉ፣ ተባይ ይዞ ይመጣል። ከሌላ አሳዳጊ ቅርንጫፍ ብትገዙ ከባሕር ከመጣ ይሻላል፤ የገንዳ ኑሮ ለምዷል። ከጅዳ ወይም ከሌላ ባሕር ዳር ለቅማችሁ ሻንጣ ውስጥ ለመክተት ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ተዉት፤ ድንጋያማ ኮራሎች፣ የሞቱትም ጭምር፣ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

አንድ ነገር ለሰው ጤና። ዞዋንቲድና ፓሊቶዋ የሚባሉት፣ አዝራር የሚመስሉ ቆንጆ ኮራሎች፣ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። በጓንትና በመነጽር ብቻ ንኩ። ያሉበትን ድንጋይ "ላጽዳ" ብላችሁ በፈላ ውሃ እንዳትሞክሩት፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ።

ስንት ጊዜ ልጠብቅ? መቼስ ተስፋ ልቁረጥ?

አንድ ነገር ቀይሩና ቢያንስ ሳምንት ጠብቁ። መብራቱንም፣ ቦታውንም፣ ሶዳውንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ቢድንም ምን እንዳዳነው፣ ቢሞትም ምን እንደገደለው አታውቁም። በየቀኑ አንስቶ ማየት ደግሞ ክፉ ልማድ ነው፤ በተነካ ቁጥር ይሰበሰባል፣ ሥጋው በአጽሙ ጠርዝ ይቆረጣል። ይልቅ በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ ፎቶ አንሱት። ዓይን ይረሳል።

የነጣ ኮራል ቀለሙ እስኪመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መጀመሪያ በአፉ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ጥላ ይታያል፤ ያምራል ብላችሁ ባታስቡትም ጥሩ ምልክት ነው፣ አራሹ ተመልሷል። ሥጋው ሲሸሽ የነበረም መሸሹን ያቆማል፣ ጠርዙ ወፈር ይላል። የተራቆተው አጽም ብዙ ጊዜ አይለብስም፤ ኮራሉ ከዚያ በላይ ነው አዲስ የሚሠራው።

ሙሉ በሙሉ ተራቁቶም ቢሆን ዝልግልግና ሽታ ከሌለው ወዲያው አትጣሉት። አንዳንዴ አጽሙ ስንጥቅ ውስጥ ቁራጭ ሥጋ ተርፎ ከወራት በኋላ እንደ ምስር ፍሬ የምታክል ራስ ያበቅላል። የእኔ ሀመር የሞተው ራስ ግን አላበቀለም። ሐምራዊ ቅርፊት ለብሶ እዚያው ከሁለቱ ደህና ራሶች መሀል ቆሟል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ አንዲት ትንሽ ዓሣ ትገባና ትተኛበታለች።